አፍ ታሞ አንገት ለምን ይከፈታል?
እናቱን ከዘጌ በጀልባ ይዞ ባሕር ዳር የመጣ ልጅ፣ ሐኪሙ «አንገታቸውም ይከፈታል» ሲለው ክው ይላል። የታመመው ምላሳቸው አይደል?

የአፍ ካንሰር ሲዛመት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አንገት ንፍፊቶች ነው። ስለዚህ በምርመራ ምንም ባይታይም ንፍፊቶቹ አብረው ሊወጡ ይችላሉ። በሽታው ገፍቷል ብላችሁ ቶሎ አትደምድሙ።

ይበልጥ የሚያስደነግጠው ትራኪዮስቶሚ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ምላስና ጉሮሮ ሊያብጥ ይችላል። ትንፋሽ እንዳይዘጋ አንገት ላይ ፊት ለፊት ቀዳዳ ተበጅቶ ቱቦ ይገባል። ለሁሉም አያስፈልግም፤ ብዙውን ጊዜም ጊዜያዊ ነው፣ እብጠቱ ሲቀንስ ይወጣል። ቱቦው እያለ ግን አየሩ በድምፅ አውታር በኩል ስለማያልፍ ብዙውን ጊዜ ድምፅ አይወጣም። እናት ይህን ቀድመው ካላወቁ፣ ነቅተው «ልጄ» ማለት ሲያቅታቸው እስከ ወዲያኛው ዲዳ የሆኑ ይመስላቸዋል። እባካችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ለሚጽፍ ሰው ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ለማይጽፉት በዋዜማው በእጅ ምልክት ተስማሙ፦ አንድ ጣት «አመመኝ»፣ ሁለት ጣት «አክታ አፈነኝ»። ምልክቱን ለነርሶቹም አሳዩ፤ ሌሊት አስታማሚ ላይገባ ይችላል።