«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው»፦ ትርጓሜውና ባለ 129 አኃዙ ቁጥር

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ሰዎችን ለኅብረት ሥራ ለማነሣሣት ነው፤ መሠረቱ ግን የማካፈል ስሌት ነው። 50 ለ1 ሲካፈል 50፣ ለ50 ሲካፈል ደግሞ 1 ይደርሳል፤ የሎሚው ብዛት ሳይጎድል ሸክም የነበረው ጌጥ ይሆናል። አነጋገሩን የሚያብራሩ ሰዎች ሲያልፉት የሚታየው ቁም ነገር፣ ሎሚ አንድ በአንድ ተነጥሎ ሊያዝ የሚችል ነገር መሆኑ ነው። ሸክሙ አንድ ወጥ ቢሆን ኖሮ የሃምሳ ሰው መሰብሰብ ጌጥ ባላደረገው ነበር። እንግዲህ ተረቱ የሚሠራው ሥራው ራሱ ሲከፋፈል ነው።

ለዚህ ትርጓሜ አርኤስኤ-129 ከተባለው ሙሉ ቁጥር የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት በ1143816 ጀምሮ በ541 የሚያልቀውን ይህን ባለ 129 አኃዝ ቁጥር አትሞ፣ በእርሱ የተመሰጠረውን መልእክት ለሚፈታ ሰው የ100 ዶላር ሽልማት መዘጋጀቱን አስታወቀ። ቁጥሩ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች) ብዜት ሲሆን፣ አንዱ 64፣ ሌላው 65 አኃዞች አሉት። ሁለቱን ማባዛት ትዕግሥት ላለው ሰው በወረቀት ላይ የሚቻል ነው፤ መልእክቱን ለመፍታት የሚያስፈልገው፣ ከብዜቱ ተነሥቶ ሁለቱን መልሶ ማግኘት ግን 40 ኳድሪሊዮን ዓመት ይፈጃል ተብሎ ተገምቶ ነበር።

ግምቱን ያፈረሰው ኳድራቲክ ሲቭ የተባለው ዘዴ ነው፤ አሠራሩን በትንሹ 1649 ላይ ማየት ይቻላል። 41 በራሱ ተባዝቶ ለ1649 ሲካፈል 32 ይቀራል፤ 43 በራሱ ተባዝቶ ሲካፈል ደግሞ 200 ይቀራል። 32ም ሆነ 200 ካሬ ቁጥር ስላልሆኑ ለየብቻቸው ፋይዳ የላቸውም፤ እርስ በርስ ሲባዙ ግን 6400፣ ማለትም የ80 ካሬ ይሆናሉ። በሌላ በኩል 41 በ43 ተባዝቶ ለ1649 ሲካፈል ቀሪው 114 ነው። ከ114 ላይ 80 ሲቀነስ 34 ይገኛል፤ የ34 እና የ1649 ትልቁ የጋራ አካፋይ 17 ነው፤ በእርግጥም 17 በ97 ሲባዛ 1649 ይሆናል።

ለባለ 129 አኃዙ ቁጥር እንዲህ ያለ ግኝት ያስፈለገው በሚሊዮኖች ነው። ሆኖም እያንዳንዱ የሌላውን ውጤት ሳይጠብቅ ለብቻው ሊፈለግ ስለሚችል፣ 600 ያህል ፈቃደኞች በ1600 ገደማ ኮምፒውተሮች እየፈለጉ ያገኙትን በኢሜይል ላኩ፤ ቁጥሩም እ.ኤ.አ. በ1994 ተፈታ። የሎሚው ተረት በቃል የሚለው እዚህ ላይ በቁጥር ታይቷል።

ተረቱ የማይደርስበት ደረጃ ግን ነበረ። የትኞቹ ቀሪዎች እርስ በርስ ሲባዙ ካሬ እንደሚሰጡ ለመለየት ሁሉንም በአንድ ግዙፍ ማትሪክስ (በረድፍና በዓምድ በተደረደረ የቁጥር ሠንጠረዥ) ማሰናሰል ግድ ሲሆን፣ አንዱ ረድፍ ከሌላው ጋር የተጠላለፈ በመሆኑ ይህን በኢሜይል ለ600 ሰው መበተን አልተቻለም፤ አንድ ሱፐር ኮምፒውተር ለ45 ሰዓት ያህል ብቻውን ተሸከመው። ሽልማቱም ቢሆን ለመካፈል የሚመች አልነበረም፤ 100 ዶላር ለ600 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ17 የአሜሪካ ሳንቲም አይበልጥምና፣ ገንዘቡ ለፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ተሰጠ።