ኢንዶስኮፒው «ደህና ነው» ካለ ለምን ደግሞ ራጅ?

ቆዳን የሚያጠነክረው ስክሌሮደርማ ያለበት ሰው «እንጀራው ደረቴ ላይ ቆመብኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ውስጡን ማየት) ይታዘዝለታል። ውጤቱ ደህና ሲሆን ቤተሰብ «እንግዲህ ጭንቀት ነው» ይላል። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ኢንዶስኮፒ በዋናነት የሚያየው የምግብ ቧንቧውን ውስጠኛ ግድግዳ ነው፤ ቁስል፣ ጥበት፣ ዕጢ። እንቅስቃሴውን በደንብ አያሳይም።

«ባሪየም ስዋሎው» ግን የሚንቀሳቀስ ራጅ ነው። ኖራ የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ትጠጣላችሁ፣ ፈሳሹ ሲወርድ ማሽኑ ይከታተለዋል። ቆማችሁ ስትጠጡ የመሬት ስበት ስለሚያግዝ ሁሉም ደህና ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ጋደም በሉ ብትባሉ አይግረማችሁ፣ ጡንቻው ራሱ መግፋት አለመግፋቱ የሚለየው ያኔ ነው። በስክሌሮደርማ የሚደክመው የቧንቧው የታችኛው ሁለት ሦስተኛ ነው። ቧንቧው ሰፍቶ፣ ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት በር ላልቶ፣ ፈሳሹ እዚያው ተኝቶ ይታያል። ቃሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ማዮሳይቲስ በሚባለው የጡንቻ ብግነት ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ላይኛው ጋ፣ ጉሮሮ አካባቢ ነው። ውሃ ትን የሚላችሁ ወይም በአፍንጫ የሚመለስባችሁ ከሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩ፤ ምርመራው ከጉሮሮ እንዲጀምር መታዘዝ አለበት። ምግብ ወደ ሳንባ መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም።

የጡንቻውን ግፊት በቁጥር የሚለካው ማኖሜትሪ ነው፣ እሱም ሊታዘዝ ይችላል።

እርጉዝ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ባሪየም ሆድ ያደርቃል፤ ሐኪም ካልከለከላችሁ ውሃ በደንብ ጠጡ። ሰገራ ለጥቂት ቀን ቢነጣ አትደንግጡ።