የማግኔታዊ ቁሶች የቅርጽ ለውጥና እንቅስቃሴ ሒሳባዊ ሞዴል

ማግኔታዊ ቁስ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲገባ ቅርጹ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ሲሳብ ወይም ሲጨመቅ ደግሞ ማግኔትነቱ ምን እንደሚሆን በእኩልታ የሚገልጽ የፊዚክስና የሒሳብ ዘርፍ ነው።

የዘርፉን መነሻ ድሬዳዋ ላይ በጆሮ መስማት ይቻላል። ሌሊት የከዚራ ጎዳናዎች ጭር ሲሉ ከትራንስፎርመር የሚወጣው ማጉረምረም ብልሽት ቢመስልም፣ በአብዛኛው የብረት ልቡ በጥቂቱ ሲረዝምና ሲያጥር የሚፈጥረው ድምፅ ነው። ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ ሳለ ድምፁ 100 ኸርዝ የሚሆነው፣ የቅርጽ ለውጡ በግምት የማግኔትነቱን ካሬ ስለሚከተልና የአሉታዊ ቁጥር ካሬም አዎንታዊ ስለሆነ ነው፤ ብረቱ በአንድ ዑደት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይለጠጣል። በ25 ሺህ ቮልትና በ50 ኸርዝ የሚሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ትራንስፎርመሮችም ከዚህ ሕግ አይወጡም።

ክስተቱን በብረት ላይ ያገኘው እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1842 ነበር፤ ተቃራኒውን፣ ማለትም ጫና ማግኔትነትን እንደሚለውጥ፣ ጣሊያናዊው ኤሚልዮ ቪላሪ በ1865 አሳየ። መጠኑ ኢምንት ነው፦ አንድ ሜትር የኒኬል ዘንግ የሚያጥረው (ኒኬል አይረዝምም) ወደ 0.03 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከቴርቢየም፣ ከዲስፕሮሲየምና ከብረት የሚቀመመው ተርፌኖል-ዲ ግን በዚያው ርዝመት ከ1 ሚሊሜትር በላይ ይለጠጣል።

ሞዴሉ የሚገነባው በኢነርጂ ሒሳብ ነው። የአጎራባች አተሞችን መግነጢሳዊ ቀስቶች (የማግኔትነታቸውን አቅጣጫ) የሚያስተካክለው ኢነርጂ፣ ከክሪስታሉ አቅጣጫ የሚመነጨው፣ ከአካሉ ውጭ የሚፈሰው መስክ የሚይዘውና የመለጠጥ ኢነርጂ ተደምረው ድምራቸው ዝቅ የሚልበት ሁኔታ ይፈለጋል። ቀስቶቹ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚዞሩ የሶቪየት ፊዚክስ ሊቃውንት ላንዳውና ሊፍሺትዝ በ1935 ያወጡት እኩልታ ይናገራል፤ የርግበት ክፍሉን (መዞሩ ቀስ በቀስ እንዲሰክን የሚያደርገውን) በኋላ ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ጊልበርት በሌላ መልክ አስቀምጦታል።

እውነተኛው ችግር ያለው ግን ሁለቱ ዘርፎች የሚቆጥሩበት ቦታ አለመግጠሙ ላይ ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ደርሶ በቆረቆራት በድሬዳዋ ምሳሌው ሩቅ አይደለም፦ የመለጠጥ ሒሳብ ከባቡሩ ጋር እንደሚጓዝ ተሳፋሪ እያንዳንዱን የቁስ ነጥብ ከመነሻው ይከተላል፤ የማግኔት ሒሳብ ግን ጣቢያ ቆሞ የሚያልፈውን እንደሚመዘግብ ሠራተኛ መስኩን አሁን ባለበት ቦታ ይለካል። ስለዚህ ኢንተግራሉ (የኢነርጂው ድምር) የሚሰላበት አካል ራሱ ገና ያልታወቀ፣ የመልሱ ክፍል የሆነ ነገር ነው። በዚህ ላይ ቁሱ በራሱ ውስጥ ሰርጎ እንዳያልፍ የሚከለክል ገደብ ይጨመራል። በእኔ ግምት፣ ለሒሳብ ሰው ዘርፉን የሚያጓጓ ያደረገው ከማናቸውም ጥቅሙ ይልቅ ይህ ነው።

ለትራንስፎርመር ብረት ለውጡ የሚቆጠረው በሚሊዮንኛ ስለሆነ መሐንዲሱ የሁለቱን ቦታዎች ልዩነት ትቶ ቀላሉን እኩልታ ይወስዳል። የብረት ብናኝ የተቀላቀለበት ለስላሳ ጎማ ግን በማግኔት ሲጎተት በዓይን እስኪታይ ይታጠፋል፤ እዚያ ላይ ልዩነቱን መተው የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።