ፈረስ ጠባዩ ሲለወጥ፦ ለሐረርና ለድሬዳዋ ባለፈረሶች

ትናንት ጸጥ ብሎ ይጫን የነበረ ፈረስ ዛሬ መጫኛው ሲጠብቅበት ይናከሳል። ለዓመታት ጋሪ የጎተተ ሌላ ፈረስ በሚያውቀው መንገድ ላይ ተገትሮ አልሄድም ይላል። አንዱ ደግሞ ግድግዳ ይልሳል፣ አፈር ይበላል። ይህን ያየ ሰው "ጠባዩ ከፋ"፣ "ሰይጣን አየ"፣ "ዓይን በላው" ይላል። ቀጥሎ ዱላ ይነሳል። የእንስሳት ሐኪም ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። ምኑን አመመው? ምን አስፈራው? ምን ጎደለው? ያልተለመደ የፈረስ ጠባይ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከእነዚህ ጥያቄዎች በአንዱ ውስጥ ይገኛል።

ሐረር ለፈረስ ባዕድ አይደለችም። ጀጎል መሃል ያለው አደባባይ ዛሬም ፈረስ መጋላ ይባላል። የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኮንን በፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ነበሩ፤ ልጃቸው ተፈሪ ደግሞ አባ ጠቅል። ዛሬ አደባባዩን የያዘው ባጃጅ ነው። ፈረስ የቀረው በጋሪና በጭነት ሥራ ላይ፣ ከአህያ ጎን ነው። የክብር ዘመኑ ቢያልፍም ሰውነቱና አእምሮው ግን ያው ነው። የሚያስፈራው የድሮው ነገር ነው፤ የሚያመውም እንደ ድሮው ነው።

ደህና ሲሆን ምን ይመስላል?

ያልተለመደውን ለመለየት የተለመደውን ማወቅ ግድ ነው። ሥራ ላይ ያልሆነ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። የሰውነቱ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ድዱ ሮዝ ነው። ሆዱ ላይ ጆሮ ቢያስጠጉ የአንጀቱ ድምፅ ይሰማል። በየጊዜው ፋንድያ ይጥላል።

ከቁጥሩ የሚበልጠው ግን የዚያ የአንዱ ፈረስ ልማድ ነው። በየትኛው እግሩ ያርፋል? ምግብ ሲቀርብለት ይሮጣል ወይስ ቀስ ይላል? ባለቤቱን ሲያይ ያሽካካል? ይህን የሚያውቅ ባለጋሪ በሽታን ከሐኪም ቀድሞ ያያል።

ጤናማ ሆነው እንግዳ የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። ፈረስ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ ሰው "ሳቀ" ይላል። የሚያደርገው ግን ሽታን ጠልቆ መመርመር ነው። በተለይ የባዝራ ሽንት ያሸተተ ድንጉላ ይህን ያደርጋል። ባዝራዋም በየ21 ቀኑ ገደማ ድንጉላ ስትፈልግ ጭራዋን ታነሳለች፣ ቶሎ ቶሎ ትሸናለች፣ ስትነካ ትጮሃለች። ጥቂት ቀን ቆይቶ ያልፋል። ከንፈር መገልበጡ ከሆድ ቁርጠት ጋርም ስለሚመጣ ሌላ ምልክት አለመኖሩን ማየት ግን ያስፈልጋል።

ሲደነብር

ፈረስ ሲፈጠር አውሬ የሚያድነው እንስሳ ነው። ዋና መከላከያው ሩጫ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይሸሻል፣ ከዚያ ያጣራል። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ወደ 350 ዲግሪ ያህል ያያል። የሚሰወርበት ልክ ግንባሩ ፊት ያለውና ከጭራው በስተኋላ ያለው ብቻ ነው። ድምፅ ሳያሰማ ከኋላው የሚጠጋ ሰው የሚረገጠውም ለዚህ ነው። ፈረሱ ማን እንደመጣበት አላየም።

ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጥላ ሲገባ ዓይኑ ለመልመድ ከሰው ዓይን የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። በኤረር በር ወይም በቡዳ በር ገብቶ ወደ ጠባቧ መንገድ ሲታጠፍ ድንገት የሚገተር ፈረስ ፊቱ ለጊዜው ጨልሞበት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ጊዜ ቢሰጠው ይሄዳል። ቢመታ ግን ያ በር የሚያምበት ቦታ መሆኑን ይማራል። በሚቀጥለው ቀን ገና ከሩቁ ይቆማል።

በነፋስ የሚንኮሻኮሽ ፌስታል፣ ከኋላ ድንገት ክላክስ የሚነፋ አይሱዙ፣ በርጩማ ላይ የተዘረጋ ጃንጥላ ሁሉ ሊያስደነብሩት ይችላሉ። ይህ ያለ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ወገን ብቻ የሚደነብር ከሆነ ግን ዓይኑን ማየት ያሻል። በዚያ በኩል ዓይኑ የሚያለቅስ፣ የሚጨፈን ወይም ደመና ያለው ከሆነ ማየት እየተሳነው ሊሆን ይችላል። የፈረስ የዓይን ውስጥ ቁጣ እየተመላለሰ ቀስ በቀስ ሊያሳውር ይችላል። ቶሎ ከታከመ ግን ዓይኑን ማዳን ይቻላል።

ሐረር ላይ ደግሞ ጅብ አለ። ከግንቡ ውጪ በየማታው ለጅብ ሥጋ ይቀርባል። ሌሊት ጅቦቹ በግንቡ ቀዳዳዎች ወደ ጀጎል ይገባሉ። የከተማው ሰው ለምዷቸዋል። ፈረስ ግን የጅብ ሽታ ሲደርሰው ጆሮውን ይቀስራል፣ ያንኮራፋል፣ ይቅበጠበጣል። ጅብ ፈረስና አህያ የሚበላ አውሬ ስለሆነ ልክ ነው።

ይህ ፍርሃት ማንም ልብ የማይለው ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ፈረስ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚተኛው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያህል ነው፤ ያውም አብዛኛውን ቆሞ። ጅማቶቹ እግሩን ቆልፈው ስለሚይዙለት አይወድቅም። ጥልቁን፣ ጡንቻ ሁሉ የሚላላበትን እንቅልፍ ግን ቆሞ ሊተኛው አይችልም። በየቀኑ ለትንሽ ጊዜ መጋደም አለበት። የሚጋደመውም መረጋጋት ሲሰማው ነው። ብቻውን የታሰረ፣ አጥሩ የሳሳ፣ መኝታው ድንጋይ የሆነ ወይም መገጣጠሚያውን የሚያመው ፈረስ ሳይጋደም ለቀናት ይቆያል። ከዚያ ቀን ቆሞ ሲያንቀላፋ የፊት እግሮቹ ድንገት ይከዱታል። ሊወድቅ ብሎ ይነቃል። የፊት ቁርጭምጭሚቱ ላይ አልድን ያለ ቁስል ይታያል። ባለቤቱ "የሚጥል በሽታ ያዘው" ሊል ይችላል። ጠንካራ በረት፣ ወፍራም ጉዝጓዝ ወይም ጓደኛ ሲያገኝ የሚሻለው ብዙ ነው።

ሲያመው

ድንገት ክፉ የሆነ ፈረስ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው በሕመም ነው። ሕመም በፊቱ ይነበባል። ጆሮዎቹ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይዞራሉ። ከዓይኑ በላይ ያለው ቆዳ ይጨማደዳል። አገጩና የአፍንጫው ቀዳዳ ይወጠራል።

"አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" ይባላል። በፈረስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጥፋቱ ያለው ዳውላው ላይ ነው፤ ዱላው የሚያርፈው ፈረሱ ላይ። የጋሪው ማነቂያ ትከሻውን ላጠው፣ የመጫኛው ገመድ ደረቱን ቆረጠው፣ ኮርቻው በጀርባው አጥንት ላይ ተቀመጠ፣ ሽቦ የሆነ ልጓም አፉን ቆረጠው። ፈረሱ ራሱን ይወዘውዛል፣ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ሲጫን ይናከሳል። ከመቆጣት በፊት ዕቃውን አውልቆ በእጅ መዳሰስ ነው። ሞቅ ያለ፣ ያበጠ፣ ፀጉሩ የተመለጠ ወይም ሲነኩት የሚሸሸው ቦታ ካለ መልሱ ተገኘ።

ጥርስም አለ። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ቀስ በቀስ ከድዱ ይወጣል፤ በማኘክም ይሞረዳል። ሳይስተካከል ሲሞረድ ጠርዙ ይሰላና ጉንጩንና ምላሱን ያቆስላል። በግማሽ የታኘከ ሣር እየጠቀለለ የሚጥል፣ ሲያኝክ አንገቱን የሚያዘነብል፣ ልጓም አልቀበልም የሚል ፈረስ አፉ ይታይ። ባለሙያ በሞረድ ያስተካክለዋል።

ሆዱ ሌላ ታሪክ ነው። ጨጓራው ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ናት፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ብትይዝ ነው። አሲድ ግን ቀንም ሌሊትም ታመነጫለች፤ ምግብ ኖረም አልኖረም። ነፃ የተለቀቀ ፈረስ ከቀኑ ግማሽ በላይ የሚግጠው ለዚህ ነው። ማለዳ ሳይበላ ተጭኖ እስከ ማታ የሚሠራ ፈረስ ጨጓራው ሊቆስል ይችላል። ቁስሉ የሚታወቀውም በጠባይ ነው፦ ሆዱ ሲታሰር መናከስ፣ ምግብ መተው፣ መነጫነጭ። ከሥራ በፊት ትንሽ ገለባ ወይም ሣር መስጠት ብዙ ይረዳል።

ቁርጠት የዚህ ሁሉ አስፈሪው ነው። ፈረስ ማስመለስ አይችልም። ስለዚህ የተነፋ ወይም የተዘጋ ሆድ መውጫ የለውም። ወደ ጎኑ ዞሮ ሆዱን ያያል፣ መሬት ይጭራል፣ ይተኛል ይነሳል፣ ይንከባለላል፣ ያልበዋል። ፋንድያ ያቆማል። ከገበያ ዳር ቆሻሻ ጋር የተዋጠ ፌስታል አንጀት ሊዘጋ ይችላል። በዚህ ጊዜ ምግብ ይነሳ፣ ሐኪም ይጠራ። በግድ አፉን ከፍቶ ዘይት ወይም ሌላ ነገር በጠርሙስ መጋት ወደ ሳንባው ሊገባና ሊገድለው ይችላል። ብዙ ባለፈረስ ይህን የሚያደርገው ለማዳን ብሎ ስለሆነ ደግሜ እላለሁ፦ አይጋት።

ቆላ ሲወርድ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ርቀቱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆንም የአየሩ ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ከደጋው ወርዶ ድሬ ላይ ወዲያው ሥራ የሚጀምር ፈረስ ሙቀቱን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። ፈረስ እንደ ሰው በላብ ይበርዳል። በላቡ ብዙ ጨው ይወጣል። ደክሞት የሚንገዳገድ፣ ሥራ አቁሞም ትንፋሹ የማይረጋ፣ በዚያ ሙቀት ላቡ የደረቀ ፈረስ በአደጋ ላይ ነው። ጥላ፣ በሰውነቱ ላይ እየደጋገሙ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃና የሚጠጣ ውሃ ቶሎ ያግኝ። ፈረስ በተፈጥሮው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ስለሆነ አፉን ከፍቶ ለመተንፈስ ሲታገል ማየት ከባድ ምልክት ነው።

አፈር መብላትና ግድግዳ መላስ ብዙውን ጊዜ ከጨው እጥረት፣ ከሆድ ትላትል ወይም ከሣር ማነስ ጋር ይያያዛል። አሞሌ ጨው አጠገቡ ማኖር ርካሽ መፍትሔ ነው። እንጨት በጥርሱ ነክሶ አየር የሚስብ፣ ወይም በታሰረበት ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ የሚውል ፈረስ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶበት፣ ብቸኛ ሆኖ ወይም የሚያኝከው አጥቶ ያመጣው ልማድ ነው። ከሰደደ በኋላ ማስቆም ይከብዳል። መከልከል ብቻውን ጭንቀቱን ይጨምራል።

አህያ ላይ ሁሉም ነገር ይደበቃል። ፈረስ ሲፈራ ይሸሻል፤ አህያ ግን ብዙ ጊዜ ደርቃ ትቆማለች። ሲያማትም ዝም ትላለች። "ግትር" የምትባለው አህያ የፈራች ወይም የታመመች ልትሆን ትችላለች። ምግብ የተወች አህያ በጣም ታማለች ማለት ነው።

ፈጽሞ የማይዘገይበት

ሁለት በሽታዎች በጠባይ ለውጥ ይጀምራሉ። አንዱ መንጋጋ ቆልፍ ወይም ቴታነስ ነው። ሰኮናው ላይ ምስማር ከወጋው ወይም ከቆሰለ ቀናት በኋላ ፈረሱ እንደ እንጨት ይደርቃል። ጆሮው ይቀሰራል፣ ጭራው ይነሳል፣ በትንሽ ድምፅ ይባንናል። ከዓይኑ ውስጠኛ ጥግ ስስ ሽፋን ይወጣል። ክትባት አለው።

ሌላው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ገራም የነበረው ይናከሳል፣ ወይም ደንዝዞ ይቆማል። ራሱን ይነክሳል፣ ይለሃጫል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ የኋላ እግሩ ይንገዳገዳል። ጉሮሮው ውስጥ ነገር የተሰነቀረ መስሎት እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የአፍሪካ ፈረስ በሽታም በጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች ይተላለፋል። ትኩሳት፣ ከዓይን በላይ እብጠት፣ ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ ምልክቶቹ ናቸው። ብዙ ይገድላል። ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ በየወረዳውም የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ። ሐኪም ሲጠራ የሚጠቅመው ወሬ አጭር ነው፦ ለውጡ መቼ ጀመረ፣ መጨረሻ የበላውና የጠጣው መቼ ነው፣ ፋንድያ ጥሏል ወይ፣ በቅርቡ ቆስሏል ወይስ ውሻ ነክሶታል፣ ምን ዕቃ ወይም ምን መኖ ተቀየረ። በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ ሐኪሙ ሲደርስ ፈረሱ ያንን ጠባይ ላያሳይ ይችላል።