የፀረ ባርነት ጽሑፎች ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865 እ.ኤ.አ.) በፊት በነበሩት 30 ያህል ዓመታት በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የታተሙ ጋዜጦች፣ በራሪ ወረቀቶች፣ የሕይወት ታሪኮችና ልቦለዶች ባርነትን ከደቡብ ግዛቶች የቤት ጉዳይነት አውጥተው የመላ አገሪቱ ጥያቄ አድርገውታል። ይሁን እንጂ አንባቢው ጽሑፎቹን እንዳነበበ ወዲያው አቋሙን ለወጠ ማለት አይደለም። ጸሐፊዎቹ ለረጅም ጊዜ በገዛ ከተሞቻቸው ሳይቀር የተጠሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ዝምታ የመረጠውን የሰሜን ሕዝብ ያነቃነቀው ከጽሑፉ ይልቅ ጽሑፉን ለማፈን የተወሰደው እርምጃ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ዴቪድ ዎከር በቦስተን ሰልባጅ ልብስ እየሸጠ የሚተዳደር ነጻ ጥቁር ነበር። በ1829 በገዛ ገንዘቡ ያሳተመው፣ ለዓለም ጥቁር ሕዝብ የቀረበ ጥሪ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች ሰንሰለታቸውን ራሳቸው እንዲበጥሱ በግልጽ ይቀሰቅስ ነበር። ቅጂዎቹን ወደ ደቡብ ወደቦች ያደረሱለት መርከበኞች ሲሆኑ፣ በልብስ ገበር ውስጥ እየተሰፉ ይሻገሩ እንደነበር ይነገራል። ጥሪው ሳቫና መድረሱ በታወቀ ጊዜ የጆርጂያ ሕግ አውጪዎች ጥቁር መርከበኞች ከባሕር ዳር ሰው ጋር እንዳይገናኙ የሚያግድ ሕግ በጥድፊያ አወጡ። በዚያው ዓመት ሮበርት አሌክሳንደር ያንግ የተባለ ሌላ ጥቁር ጸሐፊ በኒው ዮርክ «የኢትዮጵያ ማኒፌስቶ» የሚል ትንሽ መጽሐፍ አሳትሟል። ለእኛ አንባቢ ስሙ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የመዝሙረ ዳዊት ቃል ይዘው ስሙን የጥቁር ሕዝብ ሁሉ መጠሪያ ማድረግ በዚያ ዘመን አሜሪካ የተለመደ ነበር።

ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን «ዘ ሊበሬተር» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ በቦስተን ማሳተም የጀመረው ጥር 1 ቀን 1831 እ.ኤ.አ. ነው። ጋዜጣው ለ35 ዓመታት አንድም ሳምንት ሳይቋረጥ ቢወጣም ደንበኞቹ ከ3,000 ብዙም አልዘለሉም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ አብዛኞቹ ነጻ ጥቁሮች ነበሩ። ታዲያ እንዲህ ያለ ትንሽ ጋዜጣ አገር ያወከው እንዴት ነው? በዚያን ጊዜ አዘጋጆች ጋዜጦቻቸውን ያለ ፖስታ ክፍያ ይለዋወጡ ነበር። የደቡብ አዘጋጆች የጋሪሰንን ጽሑፍ ስድብ ጨምረውበት መልሰው ያትሙታል፤ የሰሜን አዘጋጆች ደግሞ ስድቡን ከነጽሑፉ ይቀበሉና ለራሳቸው አንባቢ ያቀርቡታል። በነሐሴ 1831 በቨርጂኒያ ናት ተርነር የመራው የባሪያዎች ዓመፅ ሲነሣ፣ ተርነር ጋዜጣውን አንብቦ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ባይኖርም ጣት የተቀሰረው በጋሪሰን ላይ ነበር። የጆርጂያ ምክር ቤት እርሱን ይዞ ለሚያስፈርድ ሰው 5,000 ዶላር ሊከፍል ወሰነ፤ ለጋዜጣው ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ማንም ሊገዛለት አይችልም ነበር።

ነገሩ ወደ ሰሜኑ ሕዝብ ደጃፍ የመጣው ግን በ1835 ክረምት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተቋቋመው የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር፣ ታፓን በተባሉ የኒው ዮርክ ነጋዴ ወንድማማቾች ገንዘብና በእንፋሎት በሚሠሩ ማተሚያዎች እየታገዘ፣ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎችን በፖስታ ወደ ደቡብ ላከ። ሐምሌ 29 ጽሑፎቹ ቻርልስተን ደረሱ። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ከሌላው ፖስታ ለይቶ በአንድ ከረጢት ቢያስቀምጣቸውም፣ ሌሊቱን ሰዎች መስኮት ሰብረው ገቡና ከረጢቱን ወሰዱ። በማግሥቱ ምሽት፣ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሕዝብ እያየ፣ የጋሪሰንና የአርተር ታፓን ምስል ከነወረቀቱ ተቃጠለ። የፖስታ ሚኒስትሩ ኤሞስ ኬንዳል ድርጊቱን ከማውገዝ ይልቅ ደብዳቤ ያገዱትን ኃላፊዎች ደገፈ፤ ፕሬዚዳንት ጃክሰንም እነዚህ ጽሑፎች በፖስታ እንዳይላኩ የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ ኮንግረሱን ጠየቀ። ስለ ባሪያዎች ግድ ያልነበረው የኦሃዮ ገበሬ ወይም የማሳቹሴትስ ባለሱቅ፣ የእኔስ ደብዳቤ ነገ በማን ይከፈታል ብሎ እንዲያስብ የተገደደው ያኔ ነው።

በቀጣዩ ዓመት የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ባርነት የሚቀርብ አቤቱታ ሁሉ ሳይነበብ እንዲታለፍ ወሰነ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ደንቡ በ1844 እስኪሻር ድረስ ሲታገለው ኖረ፤ ሴቶች በየቤቱ እየዞሩ ያስፈረሟቸው አቤቱታዎችም በእገዳው ምክንያት እንዲያውም በዙ። በ1837 በኢሊኖይ፣ ኦልተን ከተማ፣ ጋዜጠኛው ኤላይጃ ላቭጆይ ማተሚያ መኪናውን ሲከላከል በሕዝብ ዓመፅ ተገደለ። ላቭጆይ ነጭ ሰውና የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለነበር ሞቱ የጥቁሮች ሞት ያላናወጠውን ብዙ ሰው አናወጠ፤ ይህም ስለዚያ ዘመን ሰሜን ራሱን የቻለ ምስክርነት ነው።

በአሠራር ረገድ ከሁሉ የላቀው፣ በእኔ ግምት፣ ቴዎዶር ዌልድ ከባለቤቱ ከአንጀሊና ግሪምኬና ከእኅቷ ከሣራ ጋር ሆኖ በ1839 ያሳተመው የማስረጃ ስብስብ ነው። እኅትማማቾቹ በደቡብ ካሮላይና በባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ ያደጉ ነበሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ጋዜጦችን አገላብጠው ጠፍተው የሚፈለጉ ሰዎችን ማስታወቂያ ቆርጠው ሰበሰቡ። የሰሜን ካሮላይና አሳዳሪ ሁለት ልጆቿን ይዛ የጠፋችበትን ሴት በ1838 ሲያፈላልግ፣ ከመጥፋቷ ጥቂት ቀን በፊት ግራ ፊቷን በጋለ ብረት እንዳቃጠለና «ኤም» የሚለውን ፊደል ሊያወጣበት እንደሞከረ በገዛ ስሙ አሳትሟል። ማስታወቂያው የተጻፈው ሴትዮዋን ለማስያዝ እንጂ ለመናዘዝ ስላልነበረ፣ የፀረ ባርነት ሰዎች ያጋንናሉ የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም።

ከባርነት ያመለጡት ሰዎች ራሳቸው የጻፉት ሌላ ሸክም ነበረበት፤ እንዲታመኑ የአሳዳሪውን ስምና ቦታውን መጥቀስ ግድ ይላቸዋል፣ ከጠቀሱ ደግሞ ለአሳዳጅ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ፍሬድሪክ ዳግላስ እንዲህ የሚናገር ሰው ባሪያ ሊሆን አይችልም ለሚሉት በ1845 ሁሉን በስም ጠርቶ መለሰና ወዲያው ወደ ብሪታንያ ተሻገረ። በቀጣዩ ዓመት የብሪታንያ ወዳጆቹ ነጻነቱን በ150 ፓውንድ ገዙለት። አሜሪካ ተመልሶ በሮቼስተር የራሱን ጋዜጣ አቋቋመ።

የ1850ው ሕግ ያመለጠን ሰው በመያዝ እንዲተባበሩ የሰሜን ነዋሪዎችንም ሲያስገድድ፣ ሃሪየት ቢቸር ስቶው «የአጎት ቶም ጎጆ»ን በዋሽንግተን በሚታተም የፀረ ባርነት ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ ማውጣት ጀመረች። በመጋቢት 1852 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ብቻ 300,000 ቅጂ ተሸጠ። ስቶው የመረጠችው እናት ከልጇ የምትነጠልበትን ሰዓት ነው፤ ፖለቲካ የማይጥመው አንባቢም ይህን ለመረዳት አልተቸገረም። ደቡቦች በመልስ ልቦለዶች ሲዘምቱባት እርሷ በ1853 የማስረጃ መጽሐፍ አወጣች። የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነው ባሪያ የቶም ትዕግሥት ግን በቲያትር መድረክ ላይ እየተጋነነ መሳለቂያ እስከመሆን ደርሷል።

የሂንተን ሄልፐር የ1857 መጽሐፍ ለጥቁሮች አንዳች ርኅራኄ የለውም፤ ባርነት ድሃውን ነጭ አደኸየ ብሎ በቁጥር ይከራከራል። እንዲያም ሆኖ የኦሃዮው የምክር ቤት አባል ጆን ሸርማን አጭሩ እትም እንዲሰራጭ በመደገፉ ብቻ የምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሳይሆን ቀረ፤ ምርጫው ከታኅሣሥ 1859 እስከ የካቲት 1860 ሁለት ወር ፈጀ። በታኅሣሥ 1860 ደቡብ ካሮላይና ከኅብረቱ የወጣችበትን ምክንያት በይፋ ስታሳውቅ፣ ሰሜኖች ባሪያዎቻችንን ለዓመፅ አነሣሡባቸው ካለቻቸው ነገሮች መካከል ከመልእክተኞች ቀጥላ መጻሕፍትንና ሥዕሎችን ጠቅሳለች።