«ዶን» ምንድን ነው? የማፍያ አለቃ ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ የኳስ ተንታኝ «ዶን ኢንየስታ» ሲል ሰማሁ። ቀጥሎም «ዶን ማለት በስፓኒሽ አለቃ ነው፤ የማፍያ መሪ እንደማለት» ብሎ አብራራ። ይህንን ስንት ጊዜ ሰማሁት! ስፓኒሽ ማስተማር ሥራዬ ነውና ዝም ማለት አቃተኝ።

ስፔኖች ኳስ ተጫዋቹን አንድሬስ ኢንየስታን ሲያከብሩት «ዶን አንድሬስ» ነው የሚሉት። ዶን የሚገባው በሰውየው በራሱ ስም ፊት ነው። «ዶን አንድሬስ ኢንየስታ» ማለትም ያስኬዳል። የቤተሰብ ስሙን ብቻ ከጠራህ ግን ቃሉ «ሴኞር» ነው፤ ሴኞር ኢንየስታ።

ይህ ነገር ለእኛ ሊከብደን አይገባም ነበር። አበበ ከበደ የሚባል ሰው «አቶ አበበ» ነው። «አቶ ከበደ» ካልን አባቱን ጠራን። ዶንም እንደዚያው ነው። ግን ቦታው የአቶ ይሁን እንጂ ሙቀቱ የጋሼ ነው። ጠዋት ወደ ሰፈሩ ሱቅ ገብተህ ሽማግሌውን ባለሱቅ «ዶን ማኑዌል፣ እንዴት አደሩ?» ስትል አክብረሃቸዋል፤ ደግሞም ቀርበሃቸዋል። «ሴኞር ጋርሲያ» ብትላቸው ያው አክብሮት አለ፣ ቅርበቱ ግን የለም። ዶኛ የሴቷ ዶን ነው፤ ጎረቤትህ «ዶኛ ካርመን» ደግሞ የእኛዋ እትዬ ናቸው። ንጽጽሩ እዚህ ላይ ትንሽ ይላላል፤ ጋሼ ያለ ስም ይጠራል፣ ዶን በደንቡ ስም ይፈልጋል። ሜክሲኮ ውስጥ ግን ሰዎች ዶንን ብቻውን ሲጠሩትም ትሰማለህ። ስፔን ውስጥ ደግሞ ከዕለት ንግግር እየራቀ፣ በደብዳቤና በይፋዊ ወረቀት ላይ ጸንቶ ቆይቷል።

ታዲያ ማፍያው ከየት መጣ? ከጣሊያን፣ በፊልም በኩል። የጣሊያኑም ዶን ቢሆን በመጀመሪያ የቄስና የተከበረ ሰው መጠሪያ ነው። እኛው አገር ዶን ቦስኮ የሚባሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ዶን ቦስኮ ድሃ ልጆችን ሰብስበው ያስተማሩ የቶሪኖ ቄስ ነበሩ። (ቦስኮ የቤተሰብ ስም ነው። ጣሊያኖች ቄስን እንዲህ ይጠራሉ፤ የስፓኒሹ ደንብ ግን የተለየ ነው።)

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ «ዶሚኑስ»፣ ጌታ። ድሮ ዶንን ማንም ተነስቶ አይለጥፈውም ነበር። ኮሎምበስ በ1492 ወደ ምዕራብ ከመቅዘፉ በፊት ከስፔን ነገሥታት ጋር ሲዋዋል፣ ከተሰጡት ነገሮች አንዱ ዶን የመባል መብት ነበር። በሰርቫንቴስ ልብ ወለድ ባለታሪክ በዶን ኪኾቴም ላይ ቅሬታ የተነሳው በዚሁ ነው። በ1615 በወጣው የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል አሽከሩ ሳንቾ ለጌታው የመንደሩን ሐሜት ሲያቀብል፣ ትንንሾቹ መኳንንት «ያለ ደረጃው ዶን ለጠፈ» እንደሚሉ ይነግረዋል። ሳንቾ ራሱ አገረ ገዥ ሲሆን «ዶን ሳንቾ ፓንሳ» ተብሎ ተጽፎ አገኘ። እሱ ግን እምቢ አለ። «እኔም ዶን የለኝም፣ በዘሬም የለም፤ አባቴም ሳንቾ፣ አያቴም ሳንቾ ነው» አለ።

ሴኞር ላይም የሚያናድደኝ ስህተት አለ። ስፓኒሽ ተናጋሪ ብዙውን ጊዜ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ በልማዱ የአባት ይቀድማል፣ የእናት ይከተላል። ኮሎምቢያዊውን ደራሲ ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬስን «ሴኞር ማርኬስ» ማለት በእናታቸው ቤተሰብ ስም ብቻ መጥራት ነው። ትክክሉ «ሴኞር ጋርሲያ ማርኬስ» ነው። ማድሪድ ያለ ሐበሻም ይህን ያውቀዋል። ቢሮ ሄዶ ወረፋ ሲጠብቅ የሚጠራው የአባቱ ስም ነው።

ደግሞ «ዶን ካልክ ሁልጊዜ አንቱ ነው» የሚሉ አሉ። የእነሱ አንቱ «ኡስቴድ» ነው። የመጣው «ቡዌስትራ ሜርሴድ» ከሚል አጠራር ነው፤ «ክብርነትዎ» እንደምንለው። አብዛኛውን ጊዜ ዶንና ኡስቴድ አብረው ይሄዳሉ፣ ግን አልተጋቡም። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ውስጥ እናት ልጇን፣ ጓደኛም ጓደኛውን ኡስቴድ ሊል ይችላል፤ ዶን የሚል ሳይኖር። ስፔን ውስጥ ደግሞ ከአንተ በሃያ ዓመት የሚበልጥ ሰው ገና ስትተዋወቁ «ቱቴአሜ» ሊልህ ይችላል። አንተ በለኝ ማለቱ ነው። ያኔ በለው።