የምናባዊ ፊልሞች ፍጻሜ ክርክር በአዲስ አበባ ዳርቻ

የምናባዊ ፊልሞች ፍጻሜ ክርክር፣ አስማትና ፈጠራ ዓለማትን የሚያሳዩ ፊልሞች አጨራረሳቸው ተመልካቹን ያረካል ወይ፣ ለመነሻው መጽሐፍስ ይታመናል ወይ በሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ በፊልም ወዳጆች መካከል የሚካሄድ ሙግት ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ እንደ ጀሞ፣ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ ባሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ወደ መሀል ከተማ ሲኒማ ቤቶች ሄዶ በምሽት መመለስ አድካሚ በመሆኑ ፊልሙ በአብዛኛው በፍላሽ ተጭኖ ወይም ከቴሌግራም ወርዶ ቤት ውስጥ ይታያል፤ ሙግቱም በማግስቱ በጀበና ቡና ዙሪያ፣ በጸጉር ቤትና በታክሲ ሰልፍ ላይ ይቀጥላል።

ከተሟጋቾቹ አንዱ ወገን መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ያነበበ ነው። ሌላው ፊልሙን ብቻ፣ አንዳንዴም ተራኪ በአማርኛ እያስረዳ በሚያቀርበው ትርጉም ፊልም ያየ ነው፤ ለእርሱ ዋናው መለኪያ አክተሩ አሸንፎ መውጣቱ ነው። ይህ እንደ አላዋቂነት ሊናቅ አይገባም፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ወዲያው በሚዘጋ ተረት ያደገ አድማጭ የሚጓተት አጨራረስ ቢከብደው አያስገርምም።

ክርክሩ እጅግ የሚጠነክረው የ«ቀለበቶቹ ጌታ» ፊልሞች መዝጊያ በሆነው በዳይሬክተር ፒተር ጃክሰን «የንጉሡ መመለስ» (እ.ኤ.አ. 2003) ላይ ነው። ፊልሙ 11 የኦስካር ሽልማቶችን ቢያገኝም፣ የክፋት ኃይል ያለው አስማተኛ ቀለበት ከተደመሰሰ በኋላ ደጋግሞ ያለቀ እየመሰለ መቀጠሉ ብዙዎችን ያሰለቻል። መጽሐፉን ያነበቡት ግን ቅሬታቸው በመርዘሙ ሳይሆን በመጉደሉ ነው። ደራሲው ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቀለበቱን ለማጥፋት የተጓዘው ፍሮዶና ሦስቱ ጓደኞቹ ወደ ትውልድ ስፍራቸው ወደ ሻየር ሲመለሱ፣ ዛፎች ተቆርጠው፣ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው አስቀያሚ ቤቶች ተሠርተው፣ ሕዝቡም በክፉው ጠንቋይ በሳሩማን ሰዎች ተጨቁኖ ያገኙታል፤ አገራቸውን ነጻ የሚያወጡትም እንደገና ተዋግተው ነው። በፊልሙ ሻየር እንደ ነበረ ይጠብቃቸዋል።

ይህ ጉድለት በከተማዋ ዳርቻ ልዩ ክብደት አለው። ከነዋሪዎቹ መካከል ከፒያሳና ከካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ተነሥተው የመጡ፣ የወላጆቻቸው የእርሻ ማሳም ሕንጻ ሲበቅልበት ያዩ አሉ። አክተሩ ድል አድርጎ ሲመለስ ሰፈሩን ሳይለወጥ የሚያገኝበት መጨረሻ ደስ ያሰኛል፤ ቶልኪን ከጻፈው ግን ቀሏል። የታማኝነት መለኪያ መሆን ያለበት እያንዳንዱ ክስተት መካተቱ ሳይሆን ድሉ ያስከፈለው ዋጋ መታየቱ ነው። የጃክሰን ደጋፊዎች፣ ፍሮዶ ቁስሉ አልሽር ብሎት በመርከብ ከአገሩ ሲለይ ያ ዋጋ በፊልሙም እንደሚታይ ያስታውሳሉ። ክርክራቸው ብርቱ ነው፤ ሆኖም በመጽሐፉ የቆሰለው ፍሮዶ ብቻ ሳይሆን አገሩም ጭምር ነው።

በሃሪ ፖተር መዝጊያ ፊልም (እ.ኤ.አ. 2011) ላይ የሚነሣው ሙግት አጠር ይላል። በመጽሐፉ የሃሪ ጠላት የሆነው ክፉ ጠንቋይ ቮልዴሞርት በአስማት ትምህርት ቤቱ ታላቅ አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት፣ እንደ ማንኛውም ሟች ወድቆ ሬሳው ይቀራል፤ በፊልሙ ከሃሪ በቀር ማንም ሳያየው ብን ብሎ ይጠፋል። ትዕይንቱ ዓይን ይማርካል፤ ነገር ግን ሲፈሩት የኖሩት ሰው ተራ ሟች መሆኑን ሕዝቡ በዓይኑ የሚያረጋግጥበትን ቅጽበት አሳጥቶናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጠናቀቀው ተከታታይ ድራማ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ደግሞ መነሻ የሆኑት መጻሕፍት ሳያልቁ ስለተደመደመ፣ በመጨረሻው ላይ የሚቻለው ክርክር የእርካታው ብቻ ነው።